በባሮ ዳር የተነበበች መርማሪ

በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ልብ ወለድ እናጫውታችሁ። ደራሲው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ነው። እኛ ያነበብነው 11ኛውን፣ የ2010ሩን ነው። ከመሃል ተጀምሮ ይገባል እንዴ? ይገባል!

ባለ ታሪኳ ወይዘሮ ራሞትስዌ ይባላሉ። በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኒ የምርመራ ቢሮ አላቸው። ጠመንጃ አይዙም። ሻይ አፍልተው ሰው ያዳምጣሉ።

አሁን የሚፈልጉት ወንጀለኛ አይደለም። አንዲት አሜሪካዊት በኦካቫንጎ ረግረግ መልካም ለዋለላት አስጎብኚ ገንዘብ ተናዛ ሞተች። የሰውየው ስም አይታወቅም። ኦካቫንጎ ለጋምቤላ ሰው እንግዳ አይደለም። ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ይኬድበታል፤ አዞም ጉማሬም አለበት። ባሮ ግን ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል፤ ኦካቫንጎ ባሕር ሳያይ አሸዋ ውስጥ ይቀራል።

የምታስቀን ረዳታቸው ማኩትሲ ናት። በጸሐፊነት ትምህርት ቤት 97 ከመቶ አምጥታለች። ይህን ሳታነሳ አትውልም! በዚህኛው መጽሐፍ ግን የእጮኛዋን እግር የጭነት መኪና ደፈጠጠው፤ ተቆረጠ። አክስቱ ደግሞ በሽተኛውን እንዳታይ ከለከሏት። 97 ከመቶ ምን ያደርግላታል? እዚህ ስንደርስ ሳቃችን ቆመ። የአስጎብኚውን ነገር ረስተን፣ የልጅቷን መጨረሻ ለማወቅ ገጹን ቶሎ ቶሎ ገለጥን።