የባለ አበባ ካሬ ብርድ ልብስ

ባለ አበባ ካሬ በኪሮሽ የሚሠራ፣ መዳፍ የሚያክል አራት ማዕዘን ቁራጭ ነው። መሐሉ ላይ አበባ ይበቅላል፤ ዙሪያው በሌላ ቀለም ክር ይሞላና አራት ማዕዘን ይወጣለታል። እንዲህ ያሉ ቁራጮች በብዛት ተሠርተው ጎን ለጎን ሲጋጠሙ ብርድ ልብስ ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከመሐል ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄደውን የዚህ ዓይነት ካሬ ሁሉ «ግራኒ ስኩዌር» ይሉታል፤ የሴት አያት ካሬ እንደማለት ነው። አማርኛ ለሥራው የሚጠቀምባቸው ሦስቱም ዋና ቃላት ደግሞ ምንጫቸው ፈረንሳይኛ ነው፦ ኪሮሽ «ትንሽ መንጠቆ»፣ ዳንቴል «ትንሽ ጥርስ»፣ ካሬ «አራት ማዕዘን» ከሚሉት ቃላት የመጡ ናቸው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ዳንቴል ሲባል ቀድሞ ዓይን ላይ የሚመጣው በቀጭን ነጭ የጥጥ ክር የተሠራው የጠረጴዛ፣ የሶፋና የቴሌቪዥን ልብስ ነው። የብርድ ልብሱ ካሬ ከዚያ የሚለየው በክሩ ውፍረትና በቀለሙ ብዛት ብቻ ነው። የሶፋ ዳንቴል የሠራች እጅ ወፍራም ክርና ወፍራም ኪሮሽ ከያዘች የምትማረው አዲስ ነገር ጥቂት ነው።

የኪሮሽ ሥራ አሠራር በኅትመት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ «ፔኔሎፔ» በተባለ የኔዘርላንድስ መጽሔት ላይ ነው። አበባውን ያመጣችው ግን አየርላንድ ናት ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ሲያልቅና አገሩ በረሃብ ሲመታ፣ ሴት መነኮሳትና የቀሳውስት ሚስቶች ለድሃ ቤተሰቦች ሴቶች ኪሮሽ ማስተማር ያዙ፤ ከእነዚህም አንዷ እ.ኤ.አ. በ1847 በክሎንስ ከተማ ሥራውን ያስጀመሩት ካሳንድራ ሃንድ ነበሩ። ከእነዚህ እጆች የወጣው ዳንቴል ዋና መለያው ቅጠሎቹ በድርብርብ የሚነሱ ጽጌረዳ ነው። ዛሬ በብርድ ልብስ ካሬ መሐል ብቅ ብሎ የሚታየው አበባ የዚያ ጽጌረዳ ዘር ነው።

ካሬው ራሱ በኅትመት የታወቀው ዘግይቶ ነው። እስካሁን ከተገኙት ቀደምት የአሠራር መመሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1885 «ፕሬሪ ፋርመር» በተባለው የአሜሪካ የገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቦታው ገበሬዎች ዘንድ መሆኑ አይገርምም፤ ካሬው ከሹራብና ከካልሲ የተረፈ፣ ለሌላ ሥራ የማይበቃ ቁርጥራጭ ክር የሚያልቅበት ጥበብ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአልጋ ወርዶ ሰደርያና ቦርሳ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በታየው «ሮዛን» በተሰኘው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ ደግሞ የሠራተኛው ቤተሰብ ሶፋ ላይ ተጥሎ የሚታየው ብርድ ልብስ ይኸው የካሬ ሥራ ነበር።

ይህን ሥራ ፋብሪካ አልወሰደውም። ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ ነው። ሹራብ ሲሠራ በርካታ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ በመርፌ ላይ ተሰልፈው ይቆያሉ፤ ስለዚህ መርፌ የተደረደረበት ማሽን ረድፉን በሙሉ ባንድ ጉዞ ይጨርሰዋል። ኪሮሽ ግን የሚይዘው አንድ ሕያው ቀለበት ብቻ ነው፤ ኪሮሹ ቀጥሎ የሚወጋው በተሠራው ጨርቅ ላይ የትም ሊሆን ይችላል፤ ከፊት፣ ከኋላ ወይም ከሁለት ዙር በታች። ገበያ ላይ የሚገኝ የካሬ ብርድ ልብስ፣ ዋጋው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ የሰው እጅ ሥራ ነው።

መሣሪያው ኪሮሽ፣ ክር፣ መቀስና ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ ነው። የኪሮሽ ቁጥር የሚሰጠው በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለመካከለኛ የሹራብ ክር 4፣ ለወፈር ያለው 5 ይስማማል። ክሩ ሱፍ ቢሆን ይሞቃል፤ አክሪሊክ ቢሆን ይቀላል፣ ይረክሳል፤ ጥጥ አበባውን አጥርቶ ቢያሳይም ትልቅ ብርድ ልብስ ላይ ይከብዳል።

ሥራው የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው፤ ክርን በቀለበት ውስጥ እየሳቡ ማስረዘም። ሁለተኛው አጭር ቋሚ ነው፤ ኪሮሹ በታችኛው ቀዳዳ ገብቶ ክር ይስባል፣ ከዚያ ሁለቱ ቀለበቶች ባንዴ ይወጣሉ። ሦስተኛው ረጅም ቋሚ ነው፤ ክሩ አስቀድሞ ኪሮሹ ላይ አንዴ ይጠመጠማል፣ ኪሮሹ ገብቶ ሲስብ ሦስት ቀለበቶች ይሆናሉ፣ እነርሱም ሁለት ሁለት እየሆኑ በሁለት ጊዜ ይወጣሉ። አጭሩ ቋሚ የአንድ ሰንሰለት፣ ረጅሙ የሦስት ሰንሰለት ቁመት አለው። ከእንግሊዝኛ መመሪያ የሚሠራ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ አሜሪካኖች «ነጠላ» የሚሉትን አጭር ቋሚ እንግሊዞች «ድርብ» ይሉታል። የአንዱን መመሪያ በሌላው ስም ያነበበ ሰው ካሬው ያለ አግባብ አጥሮ ወይም ረዝሞ ያገኘዋል።

ባለ ስምንት ቅጠሉ አበባ ለጀማሪ ከሁሉ ይመቻል። አራት ሰንሰለት ተሠርቶ ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ መነሻ ክብ ይሆናል። በክቡ ውስጥ 16 አጭር ቋሚዎች ይገባሉ። በሚቀጥለው ዙር አንድ ቋሚ እየተዘለለ የሦስት ሦስት ሰንሰለት ቅስት ይዘረጋል፤ ስምንት ቅስቶች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቅስት አንድ ቅጠል ነው፦ በአጭር ቋሚ ይጀመራል፣ መሐሉ ላይ ረጃጅሞቹ ይገባሉ፣ በአጭር ይዘጋል። ጫፎቹ አጥረው መሐሉ ሲረዝም ቅጠሉ ራሱ ይጎብጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው የአየርላንዳውያን ብልሃት ነው። ሥራው ይገለበጥና ከቅጠሎቹ ጀርባ፣ በሁለት ቅጠሎች መካከል እየተወጋ፣ ረዘም ያለ የሰንሰለት ቅስት ይዘረጋል። በእነዚህ ቅስቶች ላይ ሁለተኛ የቅጠል ድርብ ቢሠራ ከፊተኞቹ ጀርባ ሰፍቶ ብቅ ይላል፤ የመጀመሪያው ቅስት ሦስት ሰንሰለት ከሆነ የሁለተኛው አምስት፣ የሦስተኛው ሰባት ይሆናል። ድርቡ በበዛ ቁጥር ጽጌረዳው ይነሳል፤ ለብርድ ልብስ ግን ከሁለት ድርብ በላይ ሲሆን ለተኛበት ሰው ይጎረብጣል።

የካሬው ዋና ጥያቄ ክቡ እንዴት አራት ማዕዘን ይሆናል የሚለው ነው። ከአበባው ጀርባ የቀሩት ስምንት ቅስቶች በጀርባው ቀለም ክር ይሞላሉ። በአንዱ ቅስት ሦስት ረጅም ቋሚ ይገባል፤ ይህ ጎን ነው። በሚቀጥለው ሦስት ረጅም፣ ሁለት ሰንሰለት፣ እንደገና ሦስት ረጅም ይገባል፤ ይህ ማዕዘን ነው። እንዲህ እየተፈራረቀ ሲዞር አራት ማዕዘንና አራት ጎን ይወጣል፤ የሦስት ሦስት ቋሚ ጭፍራዎቹም 12 ይሆናሉ። አበባ የሌለው ተራ ካሬም በሦስተኛው ዙር ላይ የሚኖረው ልክ ይህን ያህል ጭፍራ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያሉት ዙሮች ምንም አዲስ ነገር የላቸውም፤ በየዙሩ አራት ጭፍራ ይጨመራል፣ ጭማሪው ሁሉ የሚገባው በማዕዘኖቹ ነው። ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ችግር የሚፈጥረው እዚህ ላይ ነው፤ ስድስት ለአራት ስለማይካፈል ማዕዘኑን ቅጠል ሳይሆን የቋሚ ቆጠራ ይወስነዋል።

በየዙሩ የሚጨመረው አራት ጭፍራ ማለት 12 ቋሚ ነው፤ ቁጥሩም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ክብ ነገር ራዲየሱ በአንድ ዙር ቁመት ሲጨምር ዙሪያው የቁመቱን ስድስት እጥፍ በትንሹ አልፎ ይጨምራል። ረጅም ቋሚ ደግሞ ቁመቱ የስፋቱን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስድስት ጊዜ ሁለት 12 ነው። ጭማሪው ከዚህ ሲያንስ ሥራው እንደ ቆብ ይሰበሰባል፤ ሲበዛ ጠርዙ ይሞገዳል።

ምን ያህል ካሬ እንደሚያስፈልግ በቀላሉ ይሰላል። ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ለ120 በ150 ሳንቲ ሜትር ብርድ ልብስ ስምንት በአሥር፣ ማለትም 80 ይፈልጋል። ክሩን ለመገመት አንድ ካሬ ጨርሶ መመዘን ይበቃል፤ 15 ግራም ቢመዝን ለ80ው 1,200 ግራም ክር ያስፈልጋል፣ መጋጠሚያውና የዳር ጌጡ ሳይጨመር። የጀርባው ቀለም ክር ባንድ ጊዜ ቢገዛ ይሻላል፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ያው ቀለም ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ ይታያልና።

ካሬዎቹ በብዙ ሰው እጅ ሲሠሩ መለኪያው የዙር ቁጥር ሳይሆን ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አንዱ ክሩን ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል፤ በአንድ ኪሮሽና በአንድ ክር የተሠሩ ሁለት ካሬዎች እንኳ በመጠን ይለያያሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ብርድ ልብስ የሚያዘጋጀው «ኒት ኤ ስኩዌር» የተባለ በጎ አድራጎት ከልዩ ልዩ አገር የሚላኩለትን ካሬዎች የሚጠይቀው 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎ ነው፤ 35ቱ ተጋጥመው አንድ ብርድ ልብስ ይሆናሉ።

ካሬው ሲያልቅ አሰልቺው ሥራ ይጀምራል። ቀለም በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ አንድ የክር ጫፍ ይቀራል። ባለ ሦስት ቀለም ካሬ ስድስት ጫፍ አለው፤ 80 ካሬ 480 ጫፍ። እነዚህ በመርፌ ወደ ጀርባው ወዲያና ወዲህ ካልተሸሸጉ መታጠብ ሲመጣ ይፈታሉ። ብዙ ጅምር ብርድ ልብሶች ሳጥን ውስጥ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ እንዳለቀ ጫፉን መሸሸግ ከሁሉ ይቀላል።

ከመጋጠሙ በፊት የሱፍና የጥጥ ካሬዎች እርጥብ ሆነው በሚፈለገው መጠን በእስፒል ተወጥረው ይደርቃሉ። አክሪሊክ የሚስተካከለው በእንፋሎት ነው፤ ካውያ ከነካው ግን ክሩ ይልፈሰፈስና ይብለጨለጫል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። መጋጠሙ በመርፌ ሊሰፋ ወይም በኪሮሽ በአጭር ቋሚ ሊያያዝ ይችላል። የመርፌው ስፌት ጠፍጣፋ ነው፣ የኪሮሹ እንደ ድንበር ከፍ ይላል። ከተለያየ ቁርጥራጭ ክር የተሠሩ አበባዎችን አንድ የሚያደርጋቸው ሁሉም ካሬ ላይ የሚደገም አንድ የጀርባ ቀለም ነው፤ በጥንቶቹ ብርድ ልብሶች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነበር።

ሱፉ በቀዝቃዛ ውኃ ሳይታሽ ይታጠባል፣ አለዚያ ይኮማተራል። ቀይ የጥጥ ክር ነጩን እንዳያቀልም ከመሠራቱ በፊት አንድ ቁራጭ በሙቅ ውኃ ነክሮ መፈተን ይገባል። ከጊዜ በኋላ አንድ ካሬ ቢበጠስ መጋጠሚያው ተፈትቶ ያ ካሬ ብቻ ይወጣና በአዲስ ይተካል፤ ለዚህ ሲባል ከየቀለሙ ጥቂት ክር ብርድ ልብሱ ካለበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።