ዐይን ያወቀውን ጆሮም እንዲያውቅ፦ የድምፅ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የማዳመጥ ክሂል ትምህርት

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛን የሚያውቁት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በማዳመጥ ክሂሉ የደከመ ተማሪ በሁሉም ትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የድምፅ መጻሕፍት ለዚህ ሽግግር የሚሰጡትን ጥቅምና አጠቃቀማቸውን ያብራራል።

በቁቤም ሆነ በአማርኛ ፊደል የተጻፈውና የሚነበበው በእጅጉ ይቀራረባሉ። በእንግሊዝኛ ግን አጽንዖት የማያርፍባቸው የቃል ክፍሎች ይዋጣሉ፤ የቃላት ድንበርም ይደበዝዛል። ተማሪው «ኮምፎርቴብል» ብሎ ያጠናውን ቃል «ከምፍተብል» ተብሎ ሲሰማው አይለየውም። «ፒክ ኢት አፕ» የሚሉት ሦስት ቃላትም «ፒኪታፕ» ሆነው ይደርሱታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የቃላት እውቀት ሳይሆን፣ በጽሑፍ የሚታወቀውን ቃል በድምፅ የመለየት ችሎታ ነው።

ድምፅ ማሰማት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ የአገራችን ተሞክሮ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ሥርጭቱ በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ተማሪው ያመለጠውን ለማስደገም፣ መምህሩም ለማቆም አይችሉም ነበር። የድምፅ መጽሐፍ ከዚህ የሚለየው አድማጩ ሊያቆመው፣ ሊመልሰውና ከጽሑፉ ጋር ሊያስተያየው በመቻሉ ነው።

አና ቻንግ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የታይዋን ተማሪዎች ታሪኮችን ከማዳመጥ ብቻ ይልቅ እያነበቡ ማዳመጥን መርጠዋል፤ የተሻለም ተረድተዋል። ይህን ግኝት በሦስት ደረጃ መተግበር ይቻላል፦ በመጀመሪያ አጭር ክፍልን ያለ ጽሑፍ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ጽሑፉን በዐይን እየተከተሉ መድገም፣ በመጨረሻም ጽሑፉን ከድኖ እንደገና ማዳመጥ። ሦስተኛው ከተዘለለ ልምምዱ ወደ ንባብ ያደላል።

የመጽሐፉ ምርጫም ወሳኝ ነው። እንደ ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ ያሉ በደረጃ የተዘጋጁ መጻሕፍት በ1ኛ ደረጃ 400 ያህል መነሻ ቃላትን ብቻ ስለሚጠቀሙ ለጀማሪ ይስማማሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሊብሪቮክስ በበጎ ፈቃደኞች የተነበቡ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የቆዩ ድርሰቶች በመሆናቸው ቋንቋቸው ለ9ኛ ክፍል ይከብዳል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በመሆኑም መምህሩ አንድ ጊዜ ያወረዱትን በሜሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ያለ ኢንተርኔት ማካፈል ይችላሉ።

በዚህ ርዕስ ጥናት የሚያካሂድ ሰው ተማሪዎቹን በለመዱት ታሪክ ቢፈትን የሚለካው ትውስታን ነው። የማዳመጥ ክሂል መሻሻል የሚረጋገጠው ተማሪው ከዚያ በፊት ያልሰማውን ንግግር፣ ጽሑፍ በእጁ ሳይኖር፣ አንድ ጊዜ አዳምጦ ሲረዳ ነው፤ የ9ኛ ክፍል መምህሩ ገለጻ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።