በጥቂት ገንዘብ ደኅና የቪዲዮ ማስታወቂያ ስለ ማዘጋጀት

የግዳን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሙጃ ከተማ የላስታን ማር ሰብስቦ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ቢኖር፥ ዕቃውን ለአዲስ አበባ ገዢ ለማቅረብ የሚቸግረው የማሩ ጥራት አይደለም። የሚቸግረው፥ ገዢው ማሩን ሳይቀምስና ሚዛኑን ሳያይ ገንዘቡን አስቀድሞ እንዲከፍል መጠየቁ ነው። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ላይ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ይህ ችግር የለም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝና ከዚያም የተከተለው ጦርነት ወደ ላሊበላ የሚመጣውን እንግዳ ስላሳነሰው፥ የአካባቢው ነጋዴ በሩቅ ያለውን ገዢ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ለዚህም ከሚረዱት መንገዶች አንዱ አጭር የቪዲዮ ማስታወቂያ ነው።

ብዙ ነጋዴዎች ግን ማስታወቂያው የባለሙያ ሥራ እንዲመስል ውድ ካሜራ ያስፈልጋል ብለው ስለሚያምኑ፥ አንዳንዱ ሐሳቡን ይተወዋል፤ አንዳንዱም ያለውን ገንዘብ በመሣሪያ ኪራይ ይጨርሰዋል። የማስታወቂያ ታሪክ የሚያስረዳው ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ቴሌቪዥን የታየው የቡሎቫ ሰዓት ማስታወቂያ፥ በአሜሪካ ካርታ ላይ የተቀመጠ የአንድ ሰዓት ምስል ብቻ ነበር፤ የፈጀውም ጊዜ 10 ሴኮንድ ያህል ነው። በቅርቡ ዘመንም፥ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ዶላር ሼቭ ክለብ የተባለ አነስተኛ የምላጭ ሻጭ ድርጅት በ4,500 ዶላር ባሠራው ቪዲዮ በሁለት ቀን ውስጥ 12,000 ያህል ትእዛዝ አግኝቷል። በቪዲዮው የተናገረው የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ሲሆን፥ የተቀረጸውም በዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። እንግዲህ ማስታወቂያን የባለሙያ ሥራ የሚያስመስለው ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የአሠራሩ ሥርዓት ነው።

፩ኛ፤ በወረቀት ማሰናዳት። ለሠላሳ ሴኮንድ ማስታወቂያ ስድስት ትዕይንት ይበቃል። ለማር ነጋዴው፦ ቀፎው፥ የማሩ መቈረጥ፥ ማጥራቱ፥ ሚዛኑ፥ የዕቃው መታሸግ፥ በመጨረሻም ስሙና የስልክ ቍጥሩ ናቸው። የሚነገረው ቃል ከ50 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ከበዛ ተናጋሪው ይጣደፋል፤ የሚጣደፍ ሻጭም አይታመንም። በደጋው አገር ዋናው የማር ቈረጣ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፥ ትዕይንቶቹን በዚያ ወራት አንሥቶ ማስቀመጥ ዓመቱን በሙሉ ያገለግላል።

፪ኛ፤ ብርሃን። በላስታ ደጋ የቀትር ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ ፊትን በጥላ ይከፍለዋል። ስለዚህ ጧት ወይም ወደ ማታ ማንሣት ይገባል። በቤት ውስጥ ሲሆን ተናጋሪውን በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ፥ በጨለማው ወገን ነጭ ነጠላ ቢዘረጉ ብርሃኑን ወደ ፊቱ ይመልሳል። በኤሌክትሪክ መብራት ለሚያነሣ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል፤ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ፥ በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሣ ስልክ መብራቱን ሲብለጨለጭ ሊያሳይ ይችላል። ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በሴኮንድ 25 ምስል እንዲያነሣ ማዘዝ ይህን ጕድለት ይቀንሳል።

፫ኛ፤ ድምፅ። ተመልካች ደካማ ምስልን ሊታገሥ ይችላል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን ትቶት ያልፋል። በደጋው ላይ ነፋስ ስለሚበዛ ንግግሩን በቤት ውስጥ መቅረጽ ይሻላል። የባዶ ክፍል ግድግዳ ድምፅን ስለሚያስተጋባ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል ይረዳል። ማይክሮፎን ያልገዛ ሰው ሁለተኛ ስልክ በተናጋሪው ደረት አጠገብ ደብቆ ድምፁን ይቅረጽበት፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ቢያጨበጭብ ድምፁንና ምስሉን በኋላ ለማገጣጠም ምልክት ይሆነዋል።

፬ኛ፤ ማንሣትና ማቀናበር። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፥ በጀርባው ካሜራ ማንሣት፥ ስልኩንም በእጅ ከመያዝ ይልቅ በማቆሚያ ወይም በእህል ጆንያ ላይ ማሳረፍ ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው። ለቴሌቪዥን የታሰበ ሥራ በአግድም፥ ለቲክቶክና ለመሰሉ መገናኛዎች የታሰበ በቁም ይነሣል። ለማቀናበር ካፕካት በስልክ፥ ዳቪንቺ ሪዞልቭም በኮምፒዩተር ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ስለሚመለከት፥ የዕቃው ስም፥ ክብደቱ፥ ዋጋውና የስልኩ ቍጥር በጕልህ ፊደል መጻፍ አለባቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀንስም።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነም በቅድሚያ ለማቆሚያ፥ ቀጥሎ ለማይክሮፎን፥ ከዚያም ለአቀናባሪ ባለሙያ ይሁን፤ ካሜራ መለወጥ የመጨረሻው ነው። ድሮን ማብረር ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ፥ ለአንድ ገንቦ ማር ሲባል የሚደከምበት አይደለም።

፭ኛ፤ ሕግ። በማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759/2004 መሠረት ማስታወቂያ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ሊሆን አይገባውም። የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የተከለከለ ስለሆነ፥ በገበያ የሚታዩትን ሰዎች አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። የሌላውን ሰው ዜማም ያለ ፈቃድ ማስገባት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ያስጠይቃል። ከማሩ ጠጅ ጥሎ የሚሸጥ ነጋዴም፥ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 እንደ ተከለከለ ያስታውስ።

፮ኛ፤ እውነት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በሩቅ ያለው የማር ገዢ የሚፈራው ስኳር የተቀላቀለበት እንዳይደርሰው ነው። ስለዚህ ዕቃው ባዶውን ሲመዘን፥ ማሩ ሲገባበት፥ ሲመዘንና ሲታሸግ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢታይ፥ ከብዙ የምስጋና ቃል ይበልጥ ያሳምናል። ምስሉን ሲያቀናብሩ የማሩን መልክ ማንጣት ወይም ማድመቅ አይገባም፤ ገዢው ዕቃው ሲደርሰው ካየው የተለየ ቢያገኝ ዕቃውን ይመልሳል፥ ለወዳጆቹም ይነግራል። ማር በብርድ መርጋቱ የተፈጥሮው እንጂ የስኳር ምልክት አለመሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ደግሞ ኋላ የሚመጣውን ክርክር ያስቀራል።

አበው «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ብለዋል። በሙጃ ላለው ነጋዴ የዚህ ምክር ትርጕም ግልጽ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን በጥሩ ብርሃን፥ በሚሰማ ድምፅና ባልተጋነነ ቃል ካሳየ፥ በእጁ ያለው ስልክ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ገዢ ያየውንና የደረሰውን አንድ ሆኖ ካገኘው ሁለተኛውን ገዢ የሚያመጣው እርሱ ራሱ ነው፤ ለዚህም ምንም ወጪ የለበትም።