የሄድሴት ማይክ ድምፅ ሲያንስ

ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሥራ የተጀመረው በምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ባቢሌ ዛሬ ሰው በኮምፒውተርም ይነጋገራል፤ “አይሰማም፣ ጮክ በል!” ማለት ግን አልቀረም።

ወቀሳው ሁሌ በኔትወርክ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ግን ድምፅ ይቆራረጣል እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል አያንስም።

ድምፁ እኩል ካነሰ ቀድሞ መታየት ያለበት የሄድሴቱ መሰኪያ ነው። በብዙ ዴስክቶፖች ሮዝ ቀዳዳ የማይክ፣ አረንጓዴው የድምፅ ማውጫ ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው የስልክ ሄድሴት እዚህ በቀጥታ ሲሰካ ማይኩ በትክክል አይገናኝም፤ ለሁለት የሚከፍል ገመድ ያስፈልገዋል። ላፕቶፕ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው፦ ሄድሴቱ ተሰክቶም የራሱን ማይክ ሊጠቀም ይችላል። በዊንዶውስ የሳውንድ ቅንብር ውስጥ ኢንፑት የሚለው ስር የተመረጠው የትኛው እንደሆነ ማየት ይበቃል።

የኢንፑቱ መጠን 100 ሆኖም ድምፁ ካነሰ፣ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ማይክሮፎን ቡስት የሚባል ማጉያ አላቸው። በ10 ዴሲቤል መጀመር ይሻላል፤ ከንግግሩ ጋር የነፋሱንም የባጃጁንም ጩኸት ያጎላልና።

ርቀትም ይቆጠራል። ማይኩ ከአፍ የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እንደ ባቢሌ ባለ ደረቅና አቧራማ ቦታ የማይኩ ቀዳዳ ሊደፈንም ይችላል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፣ መርፌ ግን አይግባበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተሻለ ሄድሴቱን በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት። እዚያም ካነሰ ችግሩ የሄድሴቱ ነው።