ዜናን በሚዛን ማንበብ

ዜና ማለት የተፈጸመን ወይም በመፈጸም ላይ ያለን ጉዳይ ላልሰማ ሰው የሚያደርስ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ራሱና የጉዳዩ ዜና አንድ አይደሉም። በጉዳዩና በአንባቢው መካከል ምን ጊዜም ሰው አለ። ይህ ሰው የሚነግረውን ይመርጣል፤ የመረጠውን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ላስቀመጠውም ቃል ይፈልግለታል። አድልዎ ወደ ዜና የሚገባው በእነዚህ ሦስት በሮች ነው።

ብዙዎቻችን የተዛባ ዜና ሲባል ሐሰት የሆነ ዜና ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ዜና የተዛባ ሊሆን ይችላል። ይህን በአገራችን ከተፈጸመ ጉዳይ እንመልከት።

የመጀመሪያው በር ምርጫ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ብርቱ ረኃብ ገብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ዋና ጋዜጦች፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በመንግሥት እጅ ስለነበሩ የረኃቡ ነገር ለሕዝቡ በሚገባ አልተነገረም። ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ቢያሳዩም ወሬው ከዚያ ርቆ አልሄደም። ጋዜጦቹ በእነዚያ ወራት ስለ ሌላ ሌላው ጉዳይ ያተሙት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ግን ባልታተመው ላይ ነበር። ረኃብተኛው ያጣው እህል ብቻ ሳይሆን ችግሩን የሚናገርለትም ጭምር ነበር። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በውጭ አገር ታወቀ፤ ርዳታም ይሰበሰብ ጀመር።

ሁለተኛው በር አቀማመጥ ነው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በዚህ ጊዜ ግን በረኃብተኞቹ ሥዕሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብርና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳዩ ሥዕሎች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረኃቡም እውነት፣ ግብሩም እውነት ነበር። ሆኖም በተለያየ ጊዜና ቦታ የተነሡ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ተመልካቹ ምን ሊፈርድ እንደሚገባው አቀናባሪው አስቀድሞ ወስኖለታል። የትናንቱ ዝምታ ጥፋት ነበር ማለት የዚያ ማታው አቀራረብ ከአድልዎ የጸዳ ነበር ማለት አይደለም።

ይህም በአንድ መንግሥት ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በትግራይና በወሎ ሌላ ከባድ ረኃብ ነበር። የበዓሉ ዜና ግን የረኃቡን ዜና ሸፈነው። በቀጣዩ ወር የቢ.ቢ.ሲ. ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው ፊልም አንሺ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ። የቀድሞውን መንግሥት ዝምታ ያወገዘው ክፍል በተራው ዝም ብሎ ተገኘ።

ሦስተኛው በር ቃል ነው። በሰዋስው ትምህርታችሁ ስለ አድራጊና ስለ ተደራጊ ግሥ ተምራችኋል። «ፖሊሶች ሰልፈኞቹን በተኑ» በሚለው ዓረፍተ ነገር አድራጊው ግልጽ ነው። «ሰልፈኞቹ ተበተኑ» ሲባል ግን አድራጊው ተሰወረ። «ሁከተኞቹ ተበተኑ» ሲባል ደግሞ አድራጊው ከመሰወሩም በላይ በተደራጊው ላይ ተፈርዶበታል። እንደዚሁም «ባለሥልጣኑ ተናገሩ» እና «ባለሥልጣኑ አመኑ» የሚሉት አንድ አይደሉም፤ «አመኑ» የሚለው ግሥ ጥፋት እንዳለ አስቀድሞ ያሳስባል።

እንግዲህ ያልተዛባ ዜና ከወዴት ይገኛል? ከአድልዎ ፈጽሞ የጸዳ አንድ ጋዜጣ ወይም አንድ ጣቢያ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ማለት ግን ሁሉም ይዋሻል ማለት አይደለም። ሁሉንም የሚያምንና ሁሉንም የሚክድ ሰው ሁለቱም ከመመርመር ድካም የሸሹ ናቸው። ሽማግሌ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ ሁሉ አንባቢም ጉዳዩን ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ወገኖች ይስማ። ተናጋሪው በቦታው ነበረን? ወይስ ከሌላ ሰምቶ ነው? የተፈጸመው ነገርና የጸሐፊው አስተያየት ተለይተው ተቀምጠዋልን? ያልተጠየቀ ባለጉዳይ፣ ያልተነገረ ነገር አለን? ቍጥር ሲጠቀስም ማን እንደ ቈጠረው መጠየቅ ይገባል። በ1965ቱ ረኃብ ያለቀውን ሕዝብ ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ የሚገምቱ አሉ፤ 200 ሺህ የሚያደርሱትም አሉ። በዛሬው ጊዜ በእጅ ስልክ ለሚደርሰን ወሬ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ወሬውን ሳንመረምር ለሌላ ካስተላለፍን እኛም አሠራጮቹ ሆነናልና።

በመጨረሻም፣ ነጋዴ እህል ከመመዘኑ በፊት ባዶውን ሚዛን እንደሚያይ ሁሉ እናንተም የራሳችሁን ልብ መርምሩ። ደስ ያሰኛችሁን ዜና ቶሎ፣ ያስከፋችሁን ግን በጥርጣሬ የምትቀበሉ ከሆነ ሚዛኑ አስቀድሞ አዘንብሏል።

መልመጃ

1. «ገበሬዎቹ ከመሬታቸው ተነሡ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አድራጊው እንዲታወቅ አድርጋችሁ ጻፉ። በትርጕሙ ላይ የመጣውንም ለውጥ አስረዱ።
2. ስለ አንድ ጉዳይ በሁለት የዜና ማሠራጫዎች የቀረበውን አነጻጽሩ። አንዱ ተናግሮ ሌላው የተወውን ለይታችሁ አሳዩ።
3. በትምህርት ቤታችሁ የተፈጸመ አንድ ጉዳይ መርጣችሁ አስተያየት ሳትጨምሩ በአንድ አንቀጽ ዘግቡ። ከዚያም በጉዳዩ ላይ ያላችሁን አስተያየት በሌላ አንቀጽ ጻፉ።