የብር ዕቃው ተሸጠ፤ ቤቱ ተሰጠ

ከለንደን ጠቅልሎ አገር ቤት የሚገባ ሰው የመጀመሪያ ጭንቀቱ ጓዝ ነው። የቱ ይሸጥ? የቱ ይጫን? የቱስ ለሰው ይተው? ይህ ጭንቀት ለንጉሠ ነገሥትም አልቀረም።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ተሰደው ለንደን ሲገቡ የቤተ መንግሥቱን የብር ዕቃ ይዘው ነበር። ቆይተውም በባዝ ከተማ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዙ። ሆኖም ቤተሰቡና ተከታዩ ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት ሆነና በ1937 የብር ዕቃው ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከተባለው ኩባንያ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የመንግሥት ገንዘብ ለማስመለስ ለንደን ውስጥ ከሰው ነበር። በመጀመሪያ ተፈርዶላቸው ነበር፤ ዳሩ ግን በ1938 እንግሊዝ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ስትቀበል ፍርዱ በይግባኝ ተገለበጠ።

በ1940 ከእንግሊዝ ወጡ፤ በግንቦት 1941 ድል አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። የባዙ ቤት ግን አልተሸጠም። በ1958 የአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማው በስጦታ አበረከቱት፤ ለብዙ ዓመታትም አረጋውያን ተጦሩበት።

የብር ዕቃው ዋጋ ለችግር ቀን ዋለ፤ ቤቱ ግን ዛሬም በስማቸው ይነሣል። ጓዙን የሚፈታ ሁሉ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ለገንዘብ የሚሆነውንና ለመታሰቢያ የሚሆነውን ቢለይ ኋላ አይቆጨውም።