ልጅ ከመከራ በኋላ እንዲጸና

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ቀድሞ ከራያና ከወልድያ ሸሽተው በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ዳግመኛ ተፈናቀሉ። ኅዳር ላይ ውጊያው ከከተሞቹ ቢርቅም ፍርሃት ከልጅ ልብ ወዲያው አይወጣም፤ ሌሊት መባነን፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ከእናት ጉያ አልላቀቅ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ይህ የድንጋጤ ውጤት እንጂ ቅብጠት ስላልሆነ ቁጣና ዱላ ያብሱታል።

የጽናት ምንጩ ምንድን ነው? በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በከፋ ችግር ካደጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁ ሰዎች ሆነዋል። ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የማይለያቸው አሳቢ ሰው ማግኘታቸው ነው። ያ ሰው የግድ ወላጅ አይደለም፤ አያት፣ መምህር፣ ጎረቤት ወይም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመብልና የመኝታ ሰዓት አይለዋወጥ። ልጁ ያየውን ሲናገር እናድምጠው፤ ዝም ሲል አናስገድደው። የሞተ ዘመድ ካለ «ነገ ይመጣል» ብለን አናታልለው፤ ሐሰቱ ሲገለጥ በእኛ ላይ ያለውን እምነት ያጣልና። አቅሙን የሚመጥን ሥራ እንስጠው፤ ጨዋታውንም አንከልክለው። ምልክቶቹ ከወር በላይ ከቆዩ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

እናትም ሸክሙን ብቻዋን ልትሸከም አይገባም። ጎረቤት ቡና ላይ ሲሰበሰብ የእርሷም ሐዘን ይደመጥ፤ የተደመጠች እናት ልጇን ለማድመጥ አቅም ታገኛለችና።